በደሴ መድረክ የጥንቱን ዜማ ማቅረብ፦ «የመካከለኛው ዘመን» ማለት የምንችለው የቱን ነው?

ጥያቄ፦ ባለ መሰንቆው (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች። ደሴ የምንኖር አምስት ሰዎች ተሰባስበን የቆዩ ዜማዎችን በቆዩ መሣሪያዎች ለዛሬ አድማጭ፣ በተለይም ለተማሪው ወጣት፣ የምናቀርብ አነስተኛ ቡድን አቋቁመናል። በገና፣ ክራር፣ ዋሽንትና መሰንቆ አለን፤ አምስተኛው ጓደኛችን ድጓ የተማረ ድምፃዊ ነው። በአብዛኛው የምናቀርበው የበገና መዝሙር፣ ከግዕዝ የተወሰዱ የምስጋና ግጥሞች እና በአምባሰልና በባቲ ቅኝት የሚዜሙ የወሎ እንጉርጉሮዎች ናቸው።

ባለፈው ዐቢይ ጾም እዚሁ ከተማ ውስጥ ዝግጅት አቅርበን ሁለት ነገሮች አሳስበውን ተመለስን። የመጀመሪያው የድምፅ ጉዳይ ነው። የአዳራሹን ማጉያ የሚቆጣጠረው ባለሙያ የበገናውን እዝዝታ የመሣሪያ ብልሽት ስለመሰለው ምሽቱን ሙሉ ሲቀንሰው ቆየ፤ በመጨረሻ አድማጩ ዘንድ የደረሰው ቃና የሌለው ድፍን ድምፅ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይከብዳል። ማስታወቂያችን «የመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ ሙዚቃ» የሚል ስለነበር፣ ዝግጅቱ ሲያበቃ አንድ ተማሪ ተነሥቶ «ይህ ዜማ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመንም እንዲሁ ይዜም እንደነበር በምን ታውቃላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። እኛም የየራሳችንን መልስ ሰጠን፤ እርስ በርሳችን ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ግማሾቻችን ከአባቶች የተረከብነው እስከሆነ ድረስ ጥንታዊ ለማለት ሌላ ማስረጃ አያስፈልገንም ይላሉ፤ ግማሾቻችን ደግሞ ማስታወቂያው ይለወጥ እንላለን።

በአውሮፓ የመካከለኛውን ዘመን ሙዚቃ ብቻ የሚያቀርቡ ትናንሽ ቡድኖች እንዳሉ እናውቃለን። እነርሱ ይህን ጥያቄ እንዴት ይመልሱታል? ከእነርሱ ልንወስደው የሚገባ ነገርስ አለ ወይ? የምታውቁትን ብታካፍሉን ምስጋናችን ከልብ ነው።

መልስ፦ የሙዚቃ መምህር (ደሴ)

ወንድሜ፣ ተማሪው ያነሣው ጥያቄ አውሮፓውያኑም ከ60 ዓመት በላይ ሲከራከሩበት የኖሩት ስለሆነ፣ ቡድናችሁ ባለመስማማቱ አትዘኑ። በሙኒክ ቶማስ ቢንክሊ የመሩት ቡድን፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ዴቪድ መንሮው የመሠረተው ቡድን፣ በ1977 የተቋቋመው ሴኩዌንሺያ፣ በ1986 ኒው ዮርክ ውስጥ አራት ሴቶች የጀመሩት አኖኒመስ ፎር፣ ሁሉም ሥራቸውን የጀመሩት ከብራና ነው። በእጃቸው ያለው ብራና ግን የሚነግራቸው ከሚደብቃቸው ያንሳል። ለምሳሌ ትሩባዱር የሚባሉት የደቡብ ፈረንሳይ ባለቅኔዎች ከ12ኛውና ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ 2,500 የሚጠጉ ግጥሞች ትተው አልፈዋል፤ ዜማው አብሮ የተጻፈለት ግን ከአሥሩ አንዱ ያህል ብቻ ነው። በተጻፈውም ላይ ቢሆን ድምፁ ከፍ ማለቱንና ዝቅ ማለቱን እንጂ የቱ ድምፅ እንደሚረዝም፣ የቱ እንደሚያጥር ምልክቱ አይናገርም። መሣሪያ ያጅበው ወይስ በድምፅ ብቻ ይዜም የሚለውማ ጭራሽ አልተጻፈም።

ስለዚህ ክፍተቱን የሚሞላው አቅራቢው ራሱ ነው፤ አሞላሉም ከትውልድ ትውልድ ሲለዋወጥ ታይቷል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ አያሌ መሣሪያ መደርደር፣ ከበሮና መለከት ማብዛት የተለመደ ነበር፤ ቢንክሊ በበኩላቸው ከሰሜን አፍሪካ የአረብ ሙዚቃ ብዙ ወስደዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ክሪስቶፈር ፔጅ የሚባል እንግሊዛዊ ምሁር የዘመኑን ጽሑፎች መርምሮ ብዙዎቹ ዘፈኖች ያለ መሣሪያ፣ በድምፅ ብቻ ይዜሙ እንደነበር ተከራከረ፤ ጎቲክ ቮይስስ በተባለው ቡድኑም አሳየ፤ የብዙዎች አቀራረብ ከዚያ ወዲህ ተለወጠ። ትናንት የመካከለኛው ዘመን ድምፅ ተብሎ የተሸጠው ዛሬ የ1970ዎቹ ድምፅ ሆኖ ነው የሚሰማን። እናንተ የምታቀርቡትም ከ30 ዓመት በኋላ የእናንተን ዘመን መንገሩ አይቀርም።

ታዲያ ከመካከላቸው የማከብራቸው የሚያደርጉትን ልንገርህ። በመድረክ ላይ የትኛው ከብራና እንደተነበበ፣ የትኛው በሌላ ተመሳሳይ ዜማ ላይ ተመሥርቶ እንደተሠራ፣ የትኛው የራሳቸው ፈጠራ እንደሆነ ለይተው ይናገራሉ። አድማጭ ይህን ሲሰማ ይቀዘቅዛል የሚል ፍርሃት አለ፤ እኔ ግን አይመስለኝም። የሚያዳምጠው ነገር እንዴት እዚህ እንደደረሰ የተነገረው ሰው ጆሮውን ይበልጥ ያቀናል። የእናንተ ተማሪም ጥያቄውን ያነሣው ስላልወደደው ሳይሆን ስለነካው ይመስለኛል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። የሴኩዌንሺያ መሥራች ቤንጃሚን ባግቢ ቤዎልፍ የተባለውን ጥንታዊ የእንግሊዝኛ የጀግንነት ግጥም ለብቻው ተቀምጦ በቃሉ ያዜማል፤ የሚያጅበውም ጀርመን ውስጥ ከ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መቃብር በተገኘ መሣሪያ አምሳል የተሠራ ባለ ስድስት አውታር ክራር መሰል መሣሪያ ነው። ቋንቋው ለዛሬው እንግሊዛዊ እንኳ ስለማይገባ ትርጉሙ ከበስተኋላ በጽሑፍ ይታያል። እነርሱ ከመቃብር አውጥተው ያስመሰሉት መሣሪያ እኛ ዘንድ አውታሩ ሳይበጠስ ከእጅ ወደ እጅ መጥቷል፤ የቆየውን ስናቀርብ ትልቁ ሀብታችን ይኸው ነው። የግዕዙን ግጥም ስታዜሙም አማርኛው በጽሑፍ ቢታይ ወጣቱ ብዙ ያተርፋል።

መልስ፦ የድጓ ደቀ መዝሙር (ሐይቅ)

ለመምህሩ ምስጋና እያቀረብኩ፣ በዜማ ቤት በኩል ያለውን ልናገር። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማውን እንደደረሰ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። ዛሬ በድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ በጥቃቅን ፊደል ተጽፎ የምናየው ምልክት ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተሠራ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ የሚባሉት ምልክቶች አሉ፤ ከእነርሱ ጋር ሥረዩ አለ፤ ይኸውም ከታወቀ የዜማ ሐረግ የተወሰደ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ሆኖ ያንን ዜማ የሚያስታውስ ነው። እንግዲህ ምልክቱን የሚያነበው አስቀድሞ ዜማውን ከመምህር አፍ የተቀበለ ሰው ብቻ ነው። መምህር የሌለው ሰው ምልክቱን ቢያጠና ዜማ አይወጣለትም።

መምህሩ ስለ አውሮፓውያኑ የጻፉትን ሳነብ የተረዳሁት ልዩነት ይህ ነው፦ እነርሱ መጽሐፉ ቀርቶላቸው መምህሩ ጠፍቶባቸዋል፤ እኛ ሁለቱም አሉን። ስለዚህ ድምፃዊያችሁ ከድጓው ሲያዜም «ይህ ከመምህሬ፣ መምህሬም ከመምህራቸው የተቀበሉት ነው» ማለት ይችላል፤ ይህ እውነት ነው፤ ክብርም አለው። በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እያንዳንዱ ርክርክ እንዲሁ ነበር ማለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ምልክቱ ራሱ ከዘርዐ ያዕቆብ በኋላ 100 ዓመት ያህል ዘግይቶ የተሠራ ነውና። የዜማ መምህራንም ቢሆኑ የቤተ ልሔም፣ የቆማ፣ የአጫብር እያሉ የየራሳቸውን ስልት ለይተው ነው የሚያስተምሩት።

ስለ ቦታውም አንድ ቃል ልበል። ማኅሌት ከመቋሚያው፣ ከጸናጽሉና ከከበሮው ጋር የቤተ መቅደስ አገልግሎት ነው፤ ለትኬት መድረክ አይሆንም ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ አባቶችም እንዲሁ ይላሉ። በገና ግን በቅዳሴና በማኅሌት የማይገባ፣ ሰው በቤቱ ሆኖ በጾም ወራት ራሱን የሚመረምርበት መሣሪያ ስለሆነ ለእናንተ ዓይነቱ ስብሰባ ይስማማል። ከድጓው ምን ይውጣ፣ ምን ይቅር የሚለውን ጓደኛችሁ አስቀድሞ መምህሩን ቢጠይቅ መልካም ነው። እኔ ባለሁበት አካባቢ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል አለ፤ ግሸንም ከእናንተ ሩቅ አይደለችም። ይሁን እንጂ የብራናው ዕድሜ በአካባቢው ለሚዜመው ሁሉ ዕድሜ አይሆንም።

መልስ፦ የድምፅ ሠራተኛ (ኮምቦልቻ)

የማጉያውን ጉዳይ እኔ ልመልስ፤ ሥራዬ ነውና። በገና በገበቴው ላይ በተወጠረው ቆዳ ላይ አውታሮቹን የሚሸከመው በርኩማ ይቀመጥበታል፤ በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባለው ቀጭን ቆዳ ይገባል። ባለ በገናው ያንን ቆዳ በጥፍሩ ገፋ መለስ እያደረገ አውታሩ ቆዳውን ለጥቂት የሚነካበትን ቦታ ይፈልግለታል፤ ያ እዝዝታ የሚወጣው ከዚያ ነው። ቆዳው ትንሽ ካለፈ አውታሩ ይታፈናል፤ ትንሽ ከቀረ ደግሞ ድምፁ ይሳሳል። የለመዱ ሰዎች ለአሥሩም አውታር ይህን ሲያስተካክሉ ከቅኝቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ ሲወስድባቸው አይቻለሁ። ያን ሁሉ ድካም ማጉያ ላይ የተቀመጠ ሰው በአንድ ጣት ሲያጠፋው በእውነት ያሳዝናል።

የማጉያ ባለሙያ ከአዳራሽ ከሚከራይ መሣሪያ ጋር የሚመጣ ሰው ነው፤ ጆሮውም የለመደው ኪቦርድና ጊታር ነው፤ ስለዚህ ከዝግጅቱ በፊት በገናውን ያለ ማይክ አጠገቡ ተቀምጦ እንዲሰማው አድርጉት። ቀጥሎ፣ ማይኩን ከገበቴው ቀዳዳ ሳይሆን ከበርኩማው ፊት ለፊት፣ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ርቆ አስቀምጡት። ዝቅተኛ ድምፅ ሲሰማ ማይኩን በራሱ የሚዘጋው ጌት የሚባለው ነገር ፈጽሞ ሥራ ላይ እንዳይውል፤ የበገና ድምፅ ቀስ እያለ ሲሞት ጭራውን ቆርጦ ይጥለዋል። ከፍተኛውን የድምፅ ክልልም አታስቀንሱ፤ እዝዝታው የሚኖረው እዚያ ነው። ስፒከሮቹ ከተጫዋቹ ፊት ወደ ሕዝቡ ይዙሩ፤ ከኋላው ከሆኑ የተወጠረው ቆዳ ድምፁን መልሶ እየወሰደ መጮህ ይጀምራል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ማጉያውን መተው ነው። 60 ወይም 70 ሰው የሚይዝ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ያልሆነ ክፍል ፈልጉ፤ ወንበሮቹን በግማሽ ክብ ደርድሩ፤ የፊቱ ረድፍ ከተጫዋቹ ሁለት እርምጃ ይራቅ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሰው ድምፁ አነሰ ብሎ ይንቆራጠጣል፤ ከዚያ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ጆሮም ይለምዳል። ስትጀምሩም በመሰንቆና በክራር አሞቃችሁ ወደ በገና አትሂዱ፤ ከዚያ ሁሉ ድምፅ በኋላ በገና ይጠፋል። በበገና ጀምሩ።

ወደ እኛ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ደግሞ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ የደሴ ብርድና ጭጋግ የለመደው ቆዳና የአንጀት አውታር እዚህ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ቅኝቱን ይለቃል። መሣሪያዎቹን ከማኅደራቸው አውጥታችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል ክፍሉን ካስለመዳችኋቸው በኋላ ቃኙ።

መልስ፦ የሙዚቃ መምህር (ደሴ)

የኮምቦልቻው ወንድማችን ስለ እዝዝታው በጻፈው ላይ ላክልበት፦ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥም የበገና ዘመድ የሆነው ሃርፕ በአውታሮቹ ሥር ታጥፈው የተተከሉ የእንጨት ችካሎች ነበሩት፤ አውታሩ ችካሉን እየነካ ይንዘር ነበር። የኋላው ዘመን ጆሮ ጥርት ያለ ድምፅ ብቻ ስለፈለገ ችካሎቹ ተነቀሉ። ዛሬ የመካከለኛውን ዘመን ሙዚቃ የሚያቀርቡ ባለሙያዎች መልሰው እየተከሉ አድማጩን እንደገና ማስለመድ ነበረባቸው። እናንተ ይህን ልፋት አትድገሙት፤ እንዚራው በቦታው አለላችሁ።

ባለ መሰንቆው (ደሴ)

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽሑፋችሁን ለቡድኑ አንብቤላቸው ማስታወቂያው እንዲለወጥ ተስማምተናል። አሁን የቀረን ጥያቄ ይህ ነው፦ ከመካከለኛው ዘመን ጋር በእርግጥ የሚያገናኘን አንድ ሥራ በዝግጅቱ ውስጥ እንዲኖር እንፈልጋለን። ጥንታዊ ግጥም ብናገኝና ዜማው የጠፋ ቢሆን፣ እኛ ዜማ ብናወጣለት ነውር ይሆናል ወይ?

መልስ፦ የታሪክ ተማሪ (ደሴ)

የምትፈልጉት ግጥም አለ። በአማርኛ ተጽፈው ከቆዩልን ጽሑፎች ሁሉ ቀደምት የሚባሉት ለዐፄ ዓምደ ጽዮን፣ ለዐፄ ይስሐቅ፣ ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ለዐፄ ገላውዴዎስ የተዜሙ የምስጋናና የጀግንነት ግጥሞች ናቸው። ዓምደ ጽዮን የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1314 እስከ 1344 ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ 14ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን ይነካሉ። ኢጣሊያዊው ሊቅ ኢግናሲዮ ጒዲ በ1889 አሳትሟቸዋል። ንጉሡ ያሸነፋቸውን አገሮች በተከታታይ እየጠሩ የሚሄዱ፣ ለሠራዊት ጭፈራ የሚመቹ አጫጭር ስንኞች ናቸው። አማርኛቸው ዛሬ ብዙ ቦታ ላይ ይከብዳል፤ ስለዚህ ጥቂት ስንኝ መርጣችሁ ከቋንቋ ሊቅ ጋር ብታጠኑት ይሻላል። ዜማቸው አልተጻፈም።

ከዚሁ ጋር አንድ አሳብ ላቅርብ፤ የወሎን ነገር ስናነሣ መንዙማው ተትቶ መቅረት የለበትም። ብዙው መንዙማ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወሎ ሸኾች የወረስነው ስለሆነ የመካከለኛው ዘመን ልንለው አንችልም፤ ነገር ግን በአማርኛ፣ በዐረብኛ ፊደል ተጽፎ፣ በሐድራ ላይ ከድቤው ጋር እየተዜመ ከመምህር ወደ ደረሳ የመጣ መሆኑ ስለ ድጓው ከተባለው ጋር ጎን ለጎን ይቆማል። ዕድሜውን በትክክል ተናግራችሁ፣ የሚያዜሙትን ሰዎች አክብራችሁ ብትጋብዙ፣ ደሴ ላይ የሚቀመጠው አድማጭ ግማሹ የራሱን ያገኛል። በስፔን ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ከ400 በላይ የእመቤታችን መዝሙሮች የያዘ ብራና አለ፤ ከሥዕሎቹ በአንዱ ላይ አንድ ሙስሊምና አንድ ክርስቲያን አብረው ተቀምጠው አውታር ሲመቱ ይታያሉ።

መልስ፦ የሙዚቃ መምህር (ደሴ)

ዜማ ማውጣት ነውር አይደለም፤ ነውር የሚሆነው የወጣውን ዜማ የተገኘ አስመስሎ ማቅረብ ነው። በዓምደ ጽዮን ግጥም ላይ ብትሠሩ ይህን አስቡበት። ስንኙን መጀመሪያ ያለ ዜማ ጮክ ብላችሁ ደጋግማችሁ አንብቡት፤ የቱ ቃል ላይ እስትንፋስ እንደሚያርፍ ራሱ ይነግራችኋል፤ ምቱን ከዚያ ውሰዱ እንጂ ከተዘጋጀ የከበሮ ምት አታልብሱት። የወታደር ዜማ ስለሆነም በአንድ አውጪና በተቀባዮች እንዲሄድ አድርጉት፤ ፉከራችንና ቀረርቷችን ዛሬም ያለ ብዙ መሣሪያ የሚቆሙ ስለሆኑ ለአወጣጡ ከእነርሱ ብትማሩ ይቀርባል። ቅኝቱን አምባሰል ካደረጋችሁት የመረጣችሁት እናንተ መሆናችሁን ተናገሩ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ተብለው በአራት ተከፍለው በትምህርት ቤት መሰጠት የጀመሩት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ ያለውን መንገዳቸውን በዓምደ ጽዮን ስም ማተም አይገባም። በገናን ግን በዚህ ሥራ ላይ አታስገቡት፤ ለጭፈራ የተፈጠረ አይደለም።

በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ በእያንዳንዱ ሥራ ሥር አንድ መስመር ጨምሩ፦ ግጥሙ ከየት እንደመጣ፣ ዜማው ከማን እንደተወሰደ ወይም ማን እንዳወጣው። የተማሪውንም ስም ታውቁ እንደሆነ የሚቀጥለውን ልምምድ መጥቶ እንዲያይ ጋብዙት፤ ቀኑን ብትነግሩኝ እኔም እመጣለሁ።